ግማሹ ቴምብር

ባለቤቴ የሰው ፖስታ ትሰበስባለች። ያውም ድሮ የሞቱ፣ ውቅያኖስ ማዶ ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ስኳርና ጨው ሲነግዱ የኖሩ ሰዎችን ፖስታ። ደብዳቤው ራሱ ግድ አይሰጣትም። "ውስጡ ምን ይል ነበር?" ስላት "እኔ ምን አውቄ" ትላለች። እሷ የምትፈልገው ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቴምብርና ቴምብሩ ላይ ያረፈውን ማህተም ነው። እኔ አናጢ ነኝ፤ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ደብዳቤ ጽፌላት አላውቅም። ምናልባት ጥፋቱ ከኔ ይሆናል።

የሠራችው ፖስታ ቤት ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከኋለኛው ክፍል ቆማ ደብዳቤ ላይ ማህተም ስትመታ ኖራለች፤ የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ያለው በዚህ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ "መዶሻ" ይሏታል። አናጢው እኔ ሆኜ መዶሻ የተባለችው እሷ መሆኗ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስሙ ግን ይገባታል። እውነት ነው ካለች እውነት ነው፣ ሐሰት ነው ካለች አበቃ፤ ይግባኝ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ የሚሰበሰቡት ቴምብር ሰብሳቢዎችም የተጠራጠሩትን ሁሉ ይዘው የሚመጡት ወደ እሷ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ግማሽ ቴምብር ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ከደሴቶቹ በአንዳንዶቹ የአንድ ፔኒ ቴምብር ያልቅ ነበር፤ አዲሱን የሚያመጣው መርከብ ደግሞ ወር ሁለት ወር ይቆያል። የፖስታ ቤቱ ሰው ምን ያድርግ? የሁለት ፔኒውን ቴምብር በመቀስ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ይለጥፍና ማህተሙን ይመታበታል። እንዲህ ያለ ግማሽ ቴምብር ከነፖስታው ተገኘ ከተባለ ሰብሳቢዎቹ እንቅልፍ ያጣሉ። ችግሩ፣ አጭበርባሪም መቀስ አለው። ስለዚህ የሚመረመረው ማህተሙ ነው። የማህተሙ ክብ ከቴምብሩ ተነሥቶ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ተሻግሮ፣ ሳይቋረጥ ወረቀቱ ላይ መዝለቅ አለበት። ጠርዙ ጋ ከተቋረጠ ግማሹ ቴምብር በኋላ የተለጠፈ ነው ይባላል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ዶክተር እንዲህ ያለ ፖስታ ይዘው መጡ። ዶክተር የምንላቸው ፋርማሲስት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሰፈሩ መድኃኒት ሲሰጡ ስለኖሩ ማዕረጉን የሰጣቸው ሰው ነው። ፖስታውን ልጃቸው ከምትማርበት አገር ፈልጋ ልካላቸው ነበርና፣ ገና ሳይቀመጡ አወጡት። ባለቤቴ በአጉሊ መነጽር አየችው። ክቡ ልክ ጠርዙ ጋ ተቋርጧል። "የተለጠፈ ነው፣ ጋሼ" አለች፣ ሁሉም እየሰማ። ዶክተር ፖስታውን ኪሳቸው መለሱና ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ያን ፎቅ ረግጠውት አያውቁም። እሷም ቅር ብሏት ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በልውውጥ ስትጠብቃቸው የነበሩ ሰባት ፖስታዎች ደረሱ። ሁሉም የዶክተር ፖስታ ከተነሣባት ከዚያችው ደሴት፣ ከዚያው ዓመት ናቸው። እኔ ጓሮ ሳንቃ እየላግሁ ነበር። ከወጥ ቤት "ና እስቲ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እሷ ቀስ ካለች ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው። ስገባ ምድጃው ላይ የጣደችው ድስት ማረር ጀምሯል፣ እሷ ወረንጦዋን እንደያዘች ፈዝዛለች።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ብዬ ድስቱን አወረድኩ። አልሳቀችም።

"ይቺን እያት" አለች። "ክቡ የቱ ጋ ነው የተቋረጠው?"

"ከቁጥሩ ቀጥሎ።"

"ይቺስ?"

"እሷም ከቁጥሩ ቀጥሎ።"

ሰባቱንም አሳየችኝ። ሰባቱም ላይ፣ ቀኑን ከሚያሳየው ቁጥር በስተቀኝ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ክፍተት ክቡን በጥሳዋለች። ቴምብሮቹ ግን ሙሉ ናቸው፤ መቀስ የነካው የለም። ከዚያ የፈረደችበትን ሁሉ በእርሳስ የምትስልበትን ደብተር ገለጠች። የዶክተር ፖስታ እዚያ ተስሏል። ክፍተቷም ከቁጥሩ በስተቀኝ ናት።

"ብረቱ ነው የተሸረፈው" አለች። "ማህተሙ ራሱ ጎዶሎ ነበር። ክፍተቷ ጠርዙ ላይ ያረፈችው በአጋጣሚ ነው። እኔ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ ግርጌው በተሸረፈ ማህተም የመታሁ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ቢስተው አይፈረድበትም። እኔ እንዴት ሳትኩት?"

ደስታና እፍረት አንድ ላይ ሲይዟት ያየኋት ያን ቀን ነው። ወደ ዶክተር ቤት ለመሄድ ጫማዋን ስታጠልቅ ግራና ቀኙን አሳሳተች። "ጥለውት ቢሆንስ? ቴምብሩን ነቅለውት ቢሆንስ?" ትላለች ከበር ስንወጣ። ግማሽ ቴምብር አንዴ ከፖስታው ከተነቀለ ማንም አያምነውም። አውቶቡስ እንጠብቅ ብላት አልሰማችኝም፤ በእግሯ ጥላኝ ሄደች። የሷን ጉልበት አውቀዋለሁ፣ ደረጃ አይወድም፤ ያን ቀን ግን እሷ የዶክተርን በር ስታንኳኳ እኔ ገና ሁለት ፎቅ ወደ ታች አለከልካለሁ።

ዶክተር በሩን ሲከፍቱ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"ጋሼ፣ ፖስታው አለ?"

የትኛው ብለው አልጠየቁም። "አለ" አሉ። "አንድ ጊዜ ቴምብሩን ልነቅለው ውሃ አሙቄ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።"

ከባዶ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አወጡት። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ወስዳ ካመጣቻቸው ፖስታዎች አንዱን ከጎኑ አስቀመጠችና አጉሊ መነጽሯን ሰጠቻቸው። ዶክተር ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። እኔም ልቤ ይመታል፤ ደረጃው ብቻ አይመስለኝም።

"ያችው ክፍተት ናት" አሉ በመጨረሻ።

"ያችው ናት። ፖስታዎ እውነተኛ ነው፣ ጋሼ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ዶክተር ቁጭ አሉ፣ ተነሡ፣ መልሰው ቁጭ አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እኛንም ይዞን ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች መስኮት ሥር ሆነን እንደ ልጅ ስንስቅ ያየ ሰው ምን እንዳለን እንጃ።

መዶሻ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ አትተውም። "ልጅዎንም ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ" አለች። "የላከችው እሷ ናት። ይደውሉላት።"

"ተዪው፣ እሷን አታስቸግሪያት" አሉ። ሳቃቸው ጠፋ።

"አይሆንም፣ ጋሼ።"

ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፤ በአራተኛው ደወሉ። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ስልኩ ይጮኻል፤ ልጅቷ የምትለውን ሁላችንም እንሰማለን። ባለቤቴ ማን እንደሆነች ነገረቻትና ወደ ጉዳይዋ ገባች። "ያን አባትሽ ድሮ ያሳዩንን ባለ ግማሽ ቴምብር ፖስታ…"

"እንዴት እረሳዋለሁ" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "ሁላችሁም ተነሥታችሁ ያጨበጨባችሁለት አይደል? አባዬ የዚያኑ ዕለት ደውሎ ነገረኝ። እኔ እኮ ያን ሳምንት ፈተና ወድቄ ትምህርቱን ልተወው ነበር። ያ ጭብጨባ ነው ያቆየኝ።"

ባለቤቴ ዶክተርን አየቻቸው፤ እሳቸው የቤት ጫማቸውን ያያሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልነበረ ጭብጨባ ይዘው ኖረዋል። አንጀቴን በሉት።

"አዎ ልጄ፣ እሱ ነው" አለች ባለቤቴ። "የፊታችን ቅዳሜ ደግመን ልናየው ስለሆነ፣ እንድታውቂ ብዬ ነው።"

ዕድሜዋን ሙሉ እውነቱን ከሐሰቱ ስትለይ የኖረች ሴት ስትዋሽ ሰማኋት። እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

ቅዳሜ ዶክተር ኮታቸውን ለብሰው ከሁላችንም ቀድመው ደርሰዋል። ባለቤቴ ደብተሯን፣ ሰባቱን ፖስታዎችና የዶክተርን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ስህተቷን ከነምክንያቱ አስረዳች፤ አንድም ነገር አላስቀረችም። ሰዎቹ አጉሊ መነጽር እየተቀባበሉ አዩ፤ ክፍተቷን ያየ ሁሉ "እውነትም" እያለ ለቀጣዩ ያቀብላል።

"በሉ አሁን ተነሡ" አለች።

"ለምን?" አለ አንዱ።

"ዝም ብለህ ተነሣ።"

ሁላችንም ተነሣን። ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት፤ ማህተም በለመደ እጇ ስታጨበጭብ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። እኛም ተከተልናት። ዶክተር ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ "ልጄ ናት የላከችልኝ" የሚሉ ይመስለኛል፣ በጭብጨባው ግን አልተሰማም።