ስሟን ሳልጠራ

ይህን ለባለቤቴም ለፓስተራችንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፊታችሁን አላየውማ።

እኔና ጽጌ የቀራንዮ ሰፈር ጎረቤታሞች ነን፤ ቸርቻችንም አንድ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሐይቅ ዳርም መሬታችን ጎን ለጎን ነው። እዚያ ያለን ባለይዞታዎች ሁሉ አጥራችንን እስከ ውሃው ድረስ ስበን ስለነበር፣ የአገሬው ሰው ውሃ ለመቅዳት ኮረብታውን ይዞራል። መጀመሪያ አጥሬ ላይ በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እኔ! ጫልቱ የምትባል ነፍሰ ጡር ጀሪካን አዝላ ስትዞር አይቼ "ነይ በዚህ እለፊ" አልኳት። "አጥራችንን ወደ ኋላ ብንመልሰውስ?" ብዬ ለጽጌ ያነሳሁላትም እኔ ነኝ።

ጽጌ ግን አፍ አላት። እኔ ስናገር ሰው ስልኩን ይነካካል፤ እሷ ያንኑ ስትለው ይጨበጨባል። ባለይዞታዎቹን ሰብስባ፣ የውሃው ዳር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ደንብ ይውጣ ብለው ለምክር ቤት እንዲያመለክቱ አሳመነቻቸው። ባለመሬት የራሴን አጥር አንሱልኝ ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? ከሳንሱሲ እስከ አስኮ የሚያውቀን ሁሉ "ጽጌ፣ ጽጌ" አለ። ጫልቱ እንኳ ሴት ልጅ ወልዳ ጽጌ አለቻት። በማን በር አልፋ ነበር ውሃ የቀዳችው? ቀናሁባት።

ረቡዕ ረቡዕ እኔ ቤት የጸሎት ኅብረት አለን። ከመጸለያችን በፊት ሁሉም የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። እዚያ የተወራ ነገር ሐሜት አይባልም፣ ሸክም ነው የሚባለው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ጽጌ በቀረችበት ቀን ተራዬ ሲደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ስሟን አልጠራም" አልኩ። "አንዲት እህታችን በሐይቁ ጉዳይ ከአንድ ባለሀብት ጋር በድብቅ ተስማምታለች። አጥሩ ሲነሳ እሱ ሎጅ ሊሠራበት ነው። ጌታ ከዚህ ፈተና እንዲያወጣት ጸልዩላት።"

ባለሀብት የሚባል አልነበረም፤ ፈጠርኩት። እኔ ዋሸሁ፣ እነሱ አለቀሱ።

እስከ እሑድ ያልሰማ አልነበረም። ባለይዞታዎቹ አንድ በአንድ ሸሹ፣ ማመልከቻውም ቀረ። ባለቤቴም "ሁሉም አጥሮ እኛ ምን ቤት ነን?" ብሎ ያችኑ የከፈትኳትን በር ቆለፋት። ጫልቱ ሕፃኗን አዝላ፣ ጀሪካኑን በእጇ ይዛ ኮረብታውን መዞር ጀመረች።

ጽጌስ ማን ዘንድ መጣች? እኔው ዘንድ። "እህቴ፣ ሰው ለምን እንደሸሸኝ አልገባኝም፤ ጸልዪልኝ" አለችኝ። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ጸለይኩላት። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ከውሸቱ ይበልጥ የምታስፈራኝ ያቺ ደስታ ናት።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን ባለይዞታዎቹ ጉዳዩን እንደገና ሊያነሱት ተነጋገሩና ሰብሳቢ አድርገው እኔን መረጡኝ። ያን ወንበር ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር! ጽጌ ሰምታ ደወለችልኝ። "እንኳን አንቺ ሆንሽ" አለችኝ፤ "ድሮም ሐሳቡ ያንቺ ነው። ያኔም በየስብሰባው ይህንኑ ስናገር ነበር፣ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ አትሰሚም እንጂ።"

አልሰማሁም። ስሟ ሲጠራ ጆሮዬ ይደፈን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አላውቅም።

ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ቃሉን የመረጥኩት፣ ቀኑንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የፊታችን ረቡዕ ተራዬ ሲደርስ ስም እጠራለሁ፤ የራሴን። ጽጌ እንዳትቀር ብዬ ደወልኩላት።

"እሺ እህቴ" አለችኝ፤ "ምን ይዤ ልምጣ?"