ኩሬ ጠያቂው አያቴ

አያቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የጎረቤቱን ሁሉ የጓሮ ኩሬ ይዞሩ ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ወንዙን በወታደር ሲያስጠብቅ፣ የዝናብ ውሃ እንድናቁር ኩሬዎቹን ያስቆፈሩን እሳቸው ናቸው።

አንድ እሑድ አብሬያቸው ስሄድ አንድ ባንዳ አስቆመን።

«ወዴት ነው፣ አባቴ?»

«ኩሬ ልጠይቅ ነዋ!»

ስቆ አሳለፈን። ባሏ አርበኛ ሆኖ ዱር የገባባት ጎረቤታችን ጓሮ ስንደርስ፣ አያቴ የኩሬውን ዳር ቄጠማ እያዩ በቀስታ «ባልሽ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አሏት። እንባዋን እንዳላይባት ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች።

አያቴ ካረፉ ወዲህ ኩሬ የሚዞር የለም። ባለፈው እሑድ ያቺው ሴት በሯን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«ግቢ፣ ልጄ፤ ኩሬውን እዪልኝ» አለችኝ።

ገባሁ። የምነግራት ወሬ ግን አልነበረኝም።