ፎጣ ስር ያለች እጅ

ቡርሃን በጭሮ ከተማ የከብት ገበያ ውስጥ ደላላ ነው። እጁ ፎጣ ስር ገብታ የገዢውን ጣቶች ትነካካለች፤ ከላይ ፊቱ እንደ ግድግዳ ጸጥ ይላል። ዋጋው ምን ላይ እንደደረሰ ከሁለቱ ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። ሥራው ሰውየውን ሠርቶታል፦ ሰላም ሲሉት እንኳ "ምን ፈልጎ ነው?" ብሎ በልቡ ይጠይቃል።

ይህ ሰው ኡድ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሊማር መነሣቱ ራሱ ዐጃኢብ ነው። ታናሽ እህቱ ሳጂዳ መሰላ ወደሚባል አገር ልትዳር ነበር። ታላላቅ እህቶቿ ሲዳሩ ከቤት ያወጧቸው አባታቸው በኡዳቸው እየተጫወቱ ነው፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ግን አባታቸው በሕይወት አልነበሩም። "የአባዬን ዘፈን አንተ ካልመታህልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለችው። ስለዚህ ቡርሃን የአባቱን ኡድ ከሣጥን አውርዶ፣ የድሮ የሠርግ ተጫዋችና የስፌት ማሽን ጠጋኝ ወደሆኑት ወደ ጋሽ አብዱልቃዲር ሄደ።

ግራ እጁ ቶሎ ለመደ። ጣጣው ቀኙ ነበር። ሪሻ የሚሏትን፣ ከበሬ ቀንድ የተፋቀች ቀጭን መምቻ፣ እንዳታመልጠው አንቆ ይይዛታል። ወደ ታች ሲመታ ደህና፤ ወደ ላይ ሲመልሳት ክሩ ላይ ትያዝና ኡዱ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል።

"ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በል እንጂ" ይሉታል ሽማግሌው። አንድ ቀን ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቀኝ እጁ ላይ ጣሉበት። በሌላ ጨርቅ የራሳቸውን እጅ ሸፈኑ። "በል ተጫወት" አሉት።

ቡርሃን ወዲያው ጠረጠረ፦ የእጃቸውን ዘዴ ሊደብቁኝ ነው። ጨርቅ ስር ያለ እጅ ምን እንደሚሠራ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?

ማታ ለሚስቱ ለጣሂራ ነገራት።

"የሙሽራው እናት እኮ ነግራኛለች" አለች ጣሂራ፤ "ለሠርጉ ተጫዋች አድርገው የጠሩት ሽማግሌውን ነው። ገበያውን ለሚወስድበት ሰው ማን ያስተምራል? አንተ ብትሆን ታስተምር ነበር?"

"ዋላሂ እኔማ አላስተምርም።"

"እንግዲያ!"

በማግስቱ ቀድሞ ሄዶ በመስኮት አጮልቆ አየ። ጋሽ አብዱልቃዲር ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ እጃቸው ላይ ጨርቅ የለም። በሩን ገፍቶ ገባ።

"ያዝኩዎት! ሰው ሲኖር ይሸፍናሉ፣ ብቻዎን ሲሆኑ ይገልጣሉ!"

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። "እኔ እጄን መች አየዋለሁ? አንተ ግን ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ አንዴ የኔ አንዴ ያንተ እጅ ላይ ታፈጥጣለህ። ባፈጠጥክ ቁጥር እጅህ ይጨብጣል።"

"መሰላ ያሉት የሙሽራው ሰዎችስ ጠርተውዎት የለም?"

"ጠርተውኛል፣ እሺ ብያለሁ።"

"አላልኩም!"

"ምኑን ነው ያልከው? ሠርጉ ቀኑን ውሎ የሚያመሽ ነው፤ ሌላውን ዘፈን ሁሉ ማን ሊመታው? አንተ ያለችህ አንድ ዘፈን፤ እሷንም ገና አልቻልካትም። እጅህን አምጣ።" ፎጣውን ጣል አድርገው ከሥሩ ጣቶቹን ያዙ። "በሬ ሽጥልኝ።"

የቡርሃን እጅ ጌታውን ሳያስፈቅድ ገበያ ወረደ። ለዘብ አለ፤ ነካ አደረገ፤ ጠበቀ።

"ገዢን አንቀህ ይዘህ ታውቃለህ?"

"ካነቅኩትማ መቸገሬን ያውቅብኛል።"

"ሪሻዋም አውቃብሃለች" ብለው መምቻዋን በተፈቱት ጣቶች መሐል አስገቡለት። ኡዱን ታቀፈ። ወደ ታች መታ። ወደ ላይ ስትመለስ ክሩን ሳትይዝ አለፈች፤ እንደ ወፍ ክንፍ ጫፍ ነካ ብቻ አድርጋው። ቡርሃን ራሱ ያላመነው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ለማንኛውም፣ የሽማግሌው እጅ አብሮ እንዳይሆን ብሎ ፎጣውን አንሥቶ ሥሩን አየ።

የሠርጉ ዕለት ሳጂዳ ተሸፋፍና ከጓዳ ስትወጣ የአባቷን ዘፈን ጀመረላት። የመጀመሪያዋ ስንኝ ተንቀጠቀጠች፤ ሁለተኛዋ ግን ሞላች፣ ቤቱን ሁሉ ሞላች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ያኔ ነው ያ የደላላ ልቡ የተነሣው፦ ይህን ያህል ድምፅ የኔ ሊሆን አይችልም፤ ሽማግሌው ከኋላዬ ሆነው እያገዙኝ ነው። እጁ ሳያቋርጥ ዘወር አለ።

የጋሽ አብዱልቃዲር ኡድ ከነከረጢቱ ግድግዳው ተደግፏል። እሳቸው ሩዝ እየበሉ ነው። "ወደፊትህ እይ!" አሉት በሞላ አፋቸው።

ፊቱን ሲመልስ ሳጂዳ ደጃፉን ተሻግራ ነበር።