የተለወጠችው መስመር

ፖሊሶች ሊይዙን የመጡ ዕለት ምን አለሽ ተራ ገበያ፣ ከምድጃ መሥሪያው በላይ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ ፎቶ አያለሁ። የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞሩ የሰማይ ድንጋዮችን፣ መፈለግ ነው። ውጭ አገር ያለ ቴሌስኮፕ አንዱን የሰማይ ክፍል ደጋግሞ ያነሳል፤ ፎቶዎቹ በኢንተርኔት ይደርሱኛል፤ እኔ አንዱን ከሌላው አስተያያለሁ። ከዋክብቱ ባሉበት ይቆያሉ። ቦታ የቀየረችው ነጥብ የእኔ ናት፤ ያለችበትን በቁጥር አትሜ አስቀምጣለሁ።

ፖሊሶቹ ያዩት ግን በቁጥር የተሞሉ ወረቀቶችን ነው፤ የምስጢር ቦታዎች መሰሏቸው። እኔንና ታች ምድጃ የሚሠሩትን አከራዬን፣ ጋሼን፣ አንድ ላይ ወሰዱን። ያሰሩን ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ጋሼ ጥግ ይዘው ጫማቸውን ተንተራሱ።

መርማሪው «ቁጥሮቹ የየት ቦታ ናቸው?» አለኝ።

«የሰማይ።»

ያሾፍኩበት መሰለው። ቃሌን ጽፎ አስነበበኝ፤ ልክ ነበር። ተስተካክሎ ይገለበጣል አለና ወሰደው። በማግስቱ ያመጣውም ልክ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ያው ነው፤ ፈርምና ቤትህ ግባ» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

መውጣት በጣም እፈልግ ነበር። ዓይኔ ግን ልማዱን አይተውም። ሁሉም ባለበት ነው፤ አንዲት መስመር ብቻ ተለውጣለች። «ወረቀቶቹን ራሴ አተምኩ» ያልኩት «ወረቀቶቹን አከራዬ ሰጡኝ» ሆኗል።

«ይህን አላልኩም።»

«ለአንድ መስመር ብለህ እዚህ ልትበሰብስ ነው? ሂድና አስብበት።»

ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙም አላሰቡ።

«ፈርምላቸውና ውጣ። ልጅ ታሳድጋለህ። እኔን ሽማግሌውን ምን ያደርጉኛል?»

«አይሆንም ጋሼ።»

«ግትር ነህ።»

«ባልሆን መች ድንጋይ አገኝ ነበር?»

ፈርቼ ነበር። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ ከፈረምኩ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ የትኛዋ ነጥብ ማን ያምነኛል? በማግስቱ መስመሯን ሰረዝኩ፤ ከላይዋ «ራሴ አተምኩ» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ጎኗ ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጋሼ በሳምንቱ ተፈቱ። እኔ ሦስት ወር ቆየሁ።

ዛሬም እዚያችው ክፍል ነኝ። ካገኘኋቸው አስትሮይዶች አንዷ ዘንድሮ ተረጋገጠችና ስም እንዳቀርብላት ተጠየቅኩ። ወርጄ ለጋሼ በስምዎ ልጥራት አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ስሜ ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው?»

«ከፈቀዱ።»

 መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ከመላክህ በፊት አስነብበኝ።»