በሰልማ ላይ የማልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእህቴ እንኳ። አሁንም ከየት እንደምጀምረው ግራ ይገባኛል።

ካርቱም፣ ቡሪ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስቀጠር ዐረብኛ አነባለሁ ብዬ ነበር። መናገሩን እንጂ ማንበቡን አልችልም። ማዳም የአራት ዓመት ልጇን ሰልማን ሰጠችኝ፤ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዝታም "ከሰዓት በኋላ አንብቢላት" አለችኝ።

ምን ላድርግ? ሥዕሉን እያሳየሁ እጠይቃት ጀመር። "ይህቺ ፍየል ወዴት ነው የምትሄደው? ለምን ብቻዋን ሆነች?"

ሰልማ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ ታስባለች። "እናቷን ተቀይማ ነው። 'ፈልጉኝ' እያለች ነው።" በማግስቱ ደግሞ ትለውጠዋለች። "የለም ዘሃራ፣ ጆሮዋን እዪ፤ ፈርታለች።" አለማወቄን የምደብቅ እንጂ ልጅ የማስተምር አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጁምዓ ማዳም ራሷ አነበበችላት። መጽሐፉ ፍየሏ መንገድ ጠፍቷት ነው የሚል ኖሯል።

"አይደለም! ተቀይማ ነው! ዘሃራ እንደዚያ ነው ያነበበችልኝ!" አለች ሰልማ።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። "እንዲህ ብለሽ ነው የምታነቢላት?"

እኔ ምን አልኩ? "ወላሂ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብኩላት። ከራሷ ፈጥራ ነው" አልኩ። ማልኩ። እኔ ትልቋ ሴትዮ፣ በአራት ዓመት ልጅ ላይ ማልኩ። ማዳም "ውሸታም!" ብላ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት። ሰልማ አላለቀሰችም፤ ዞራ አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ስከፍት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ብጠይቃት "አንቺ አንብቢ" ትለኛለች። ምኑን ላንብብ?

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ልበል? አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ሰልማስ ምን አጠፋች? ደግሞ ውሸቴ የቱ ነው? ያን ቀን የማልኩት ነው ወይስ አነባለሁ ብዬ የገባሁት? በዚያ በመጀመሪያው ውሸት ውስጥ እኮ ልጅቷ ስታስብ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይምታታብኛል።

ያን ቤት ስለቅ ሰልማ ስድስት ሞልቷት፣ ማንበብ ችላ ነበር። በመሄጃዬ ቀን ስለ አንዲት ወፍ የሚያወራ አዲስ መጽሐፍ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ።

"ወፏ ለምን የበረረች ይመስልሻል?" አልኳት።

ገጹን ወደ ኋላ ገልጣ ፈለገች። "አልተጻፈም" አለችኝ።

ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ያን ሰዓት እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ የማጣው ሥራ አልነበረኝም። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ለዚህኛው ዝምታዬ ፍርሃትን ማመካኛ ላደርግ አልችልም።