ሁለት መቶ፣ ደህና ነኝ

ያን ጠዋት ቤኤር ቱቪያ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ያላበኝ ላብ አሥር መኪና ያጥባል። የእናቴ ግራ ዐይን እየጨለመ ነው። ሐኪሙ «ቶሎ ካልታከመ አይመለስም» ብሏል። ገዴራ ያለው የዐይን ክሊኒክ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጠው በድረ ገጹ ብቻ ነው፤ ድረ ገጹ ከማለዳ ጀምሮ ወድቋል፣ አይሠራም። የተነሣ እንደሆነ ያሉትን ጥቂት ቦታዎች የቀደመ ይወስዳቸዋል።

የመጋዘኑን ኮምፒዩተሮች የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ትንሽ ኮድ መጻፍም አያቅተኝም። በየደቂቃው ድረ ገጹን የሚያንኳኳ ፕሮግራም ሠራሁ። ሁለት መቶ የሚል ቁጥር ከመለሰ ደህና ነው ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ይጮኻል።

ጮኸ። ዘልዬ ገጹን ስከፍት «በጥገና ላይ ነን፣ ቆይተው ይመለሱ» ይላል። ዘጋሁት። ደግሞ ጮኸ። ያው ጥገና።

«አንተ፣ እዚያ ውስጥ ዶሮ ታረባለህ እንዴ?» አለኝ የዕቃ ማንሻው፣ የፎርክሊፍቱ ሾፌር።

ያቭኔ ለምትሠራው ልጄ ደወልኩ። የቤታችን እውነተኛ ፕሮግራመር እሷ ናት።

«አባ፣ ሁለት መቶ ማለት መልስ የሚሰጥ አለ ማለት ብቻ ነው። የጥገናውንም ገጽ ‹ቤሰደር፣ ደህና ነው› ብሎ ይሰጥሃል።»

«ታሞ ተኝቶ ደህና ነኝ ይላል?»

«እንደ አያቴ።»

እናቴ ከቂርያት ማላኺ በየቀኑ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትለኝ ዓመት አልፏል። እኔም ሁለት መቶዬን ተቀብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር።

«ደህና መሆኑን ተወው» አለች ልጄ። «ገጹ ላይ ‹ቀጠሮ ለመያዝ› የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ፕሮግራምህ ያጣራ። ያላ፣ ፍጠን።»

አንድ መስመር ለመጨመር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መስለው ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተሩ መጮኹን አቆመ። ሩብ ሰዓት ቆየ፤ እኔ ግን በዚያ መሀል ሸብቼ ጡረታ ወጣሁ። ሾፌሩ እንኳ ቀልዱን ትቶ ከኋላዬ ቆመ።

ጮኸ። ጽሑፉ አለ። በቃሌ የማውቀው የእናቴ መታወቂያ ቁጥር ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ፤ ከቦርሳዬ ወረቀቱን እስካወጣ ከሦስት ቦታ አንድ ቀረ። ነካሁት። ማክሰኞ ጠዋት።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ደህና ነኝ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

«እሱን አልጠየቅኩሽም፣ እማዬ። ቀኝ ዐይንሽን ሸፍኚና ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?»

«አንተ ስልክህ ላይ ሰዓት የለህም?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

ወንበሯን ወደ ግድግዳው ስትጎትት ይሰማኛል።

«አይታየኝም» አለች።

«ማክሰኞ ገዴራ እንሄዳለን» አልኳት።