ንፋስ እንዳይገባ የሰፋነው ሸራ

ባሌ መኪና ሠራ ስል ሰው ይስቅብኛል። ገዛ ማለቷ ነው ይላሉ። አልገዛም፤ ሠራ። ጣሊያን ጥሏቸው ከሄደ መኪኖች የአንዷን ሻንሲ፣ የሌላዋን ሞተር፣ የሦስተኛዋን ጎማዎች ከየወደቁበት ለቃቅሞ፣ አካሏን ከጣውላና ከተቀጠቀጠ በርሜል ቆርጦ፣ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በተከራየናት ግቢ ውስጥ አቆማት። ሙያውን የለመደው ልጅ ሳለ ጣሊያኖቹ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበለ ነው። የሰፈሩ ሰው «ቅራቅንቦ» አላት፤ ስሙ ጸናባት። ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ታጓራለች። ማርሚታዋ፣ የጭስ መውጫዋ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ጭሷን በኋላዋ ብቻ ሳይሆን ከሥሯም በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ወደ ላይ ትተፋለች። ጣሪያ አልነበራትምና ጭሱን ንፋስ ይወስደው ነበር፤ ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። እኔማ ሽታውን ወድጄው ነበር። ባሌ ደጅ መድረሱን የማውቀው በሱ ነው።

ጣሪያ ያስፈለጋት ልጃችን ከሞተ በኋላ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል። እኔም ዳባት እናቴ ዘንድ ሄጄ ወንድ ወለድኩ። ክርስትና ተነሥቶ ድግሱ ካለፈ በኋላ ባሌ ሊወስደን በዚያችው ክፍት መኪና መጣ፤ ሰው ሁሉ እልል ብሎ ሸኘን። ወገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ጉም ወረደ፤ ካፊያ ያዘለ ንፋስ ፊት ለፊት ገረፈን። ልጁን በጋቢ፣ በነጠላ፣ በባሌ ኮት ጠቀለልኩት። ንፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ እንጃ፤ ገባ። ጎንደር ስንደርስ ልጁ ያስል ነበር። ሳምንትም አልቆየልን።

እናቴ ለለቅሶ መጣች። ግቢው መሃል የቆመችውን መኪና አየችና «ልጁን የበላው ንፋስ ነው» አለች። ባሌን አልተናገረችውም። አማቿን አንቱ የምትል፣ ፊት ለፊት ቀና ብላ እንኳ የማታየው ጨዋ ሴት ነበረች። እሱ ግን ለማን እንደተባለ ገብቶታል። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ አላጽናናሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አንድ መሶብ ቀርበን እየበላን ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር።

ሁለተኛዋን አርግዤ ሆዴ መታየት ሲጀምር፣ አንድ ቀን የውሃ ቧንቧዎች ተሸክሞ መጣ። ለመኪናዋ ጣሪያ ነበር። ቧንቧዎቹን በደረቅ አሸዋ ሞላቸው፤ ባዶውን ሲታጠፍ ይጨማደዳል አለ። ከዚያ በከሰል እያጋለ፣ ግንድ ላይ እየደገፈ አጎበጣቸው። ግራና ቀኝ በብሎን አሰራቸውና እንደ ጥላ ወደ ኋላ የሚተጣጠፉ ቅስቶች ሆኑ። ሸራውን ከቅዳሜ ገበያ አመጣ። የጣሊያን ድንኳን የነበረ ነው፤ አይጥ አይጥ፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። «ሳይታጠብ ከተቆረጠ በመጀመሪያው ዝናብ ተኮማትሮ ይተረተራል» ብሎ ቀሃ ወንዝ ወርዶ ደጋግሞ ነክሮ አደረቀው።

ጭቅጭቁ የተነሣው በልኬቱ ነው። ሸራውን ገልብጠን ቅስቶቹ ላይ ጣልነው። እሱ ይወጥራል፣ እኔ በከሰል አሰምራለሁ፣ ጫፍና ጫፉን በግራር እሾህ እየወጋን እናያይዘዋለን። የስፌት መኪናዬ በእጅ የምትዞር ናት፤ ቀሚስ እንጂ ድንኳን አልለመደችም። አራት እጥፍ ላይ ስትደርስ መርፌ ትሰብርብኛለች። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ የቀረውን በወስፌ እየበሳሁ በእጄ ሰፋሁት። ጣቶቼ ደሙ። ጨርሼ አልብሰናት ወደ ፊት ብንስበው፣ የፊት መስተዋቱ ጋ ሊደርስ ስንዝር ጎደለው።

«አጥብበሽ ሰፍተሽው ነው» አለ።

«አጥብበህ ለክተኸው ነው» አልኩ።

ሁለታችንም ተኳርፈን ዋልን። ኋላ ሲያየው ለካስ የኋለኛው ቅስት ከሚገባው በላይ ቀና ብሎ ነው። ብሎኑን ዝቅ አድርጎ አሰረውና ሸራው እስከ መስተዋቱ መጣ፤ ክፈፉ ላይ ከያዝነው በኋላ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በመዳፌ መታ ባደርገው ድም አለ። እሱም መታ፤ ድም አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ተሳሳቅን።

ከኋላ በኩል ለመስኮት ብሎ የተወው ክፍት ቦታ ነበር። «ድፈነው» አልኩት።

«ከኋላዬ የሚመጣውን በምን ልይ?»

«የኋላውን ማየት ምን ያደርግልሃል?»

የተናገርኩት ስለ መኪናዋ ነበር። ፊቱ ግን ተለወጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው? ቁራጭ ሸራ አምጥቶ አቀበለኝ፤ ደፈንኩት።

ሰም የመቀባቱ ሐሳብ የኔ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ ጧፍ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰም የነካው ጨርቅ ውሃም ንፋስም እንደማያሳልፍ አውቃለሁ። ሰሙን አቅልጠን በጨርቅ እየነከርን ቀባነው፣ በከሰል ካውያ ተኮስነው። ስፌቱ፣ መርፌ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ጠጥቶ ተደፈነ። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ንቦች መጥተው ሰፈሩበት። ጎረቤቶቻችን «ቅራቅንቦ ቀፎ ሆነች» እያሉ አጥር ተደግፈው ሳቁብን።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ባሌ ጧፍ ለኩሶ ውስጧ ገባ። ከዚያው ሸራ የሰፋኋቸውን የጎን መጋረጃዎች ከውጭ ቆለፍኩበትና ዙሪያዋን እየዞርኩ በሰፌድ አራገብኩ። ለሚያይ ሰው ያበድን ነበር የምንመስለው።

«ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል!» አለ ከውስጥ።

ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አሁን ንፋስ ይምጣ» አለኝ። ሞተሯን አስነሥተን እንሞክር ያለ ግን አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ዳባት ድረስ በጭነት መኪና ሄድኩ፤ እናቴ ካልወሰድኳት ብላ ነበርና። ሴት ወለድኩ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ክረምቱ ገብቷል። ባሌ በማግስቱ ሊወስደን መጣ። እናቴ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት፤ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ መጋረጃውን ገልጣ ራሷን አስገባች። «ሸጋ ነው! ቤት ነው እንጂ ማኪና አይደል» አለችና ወደሱ ዘወር ብላ «እጅዎ ይባረክ» አለችው። ባሌ እንደ ልጅ አቀረቀረ። ልታርሰኝ አብራን ልትሄድ ወሰነች፤ ከኔ ጋር ኋላ ተቀመጠች።

መጋረጃዎቹን ሁሉ ቆለፍን። ባሌ ብቻ በእሱ በኩል ያለውን ገለጥ አድርጎ እጁን እያወጣ መስተዋቱን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የዝናብ መጥረጊያ አልነበራትም። ወገራ ላይ ዝናቡ ጠበቀን። ያንን ሸራ ደበደበው፣ ደበደበው፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። የሰፋሁት እጅ የኔ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ጸጥ ብላለች።

«አየሽ ሸጋ እንቅልፍ» አለች እናቴ።

ራሴን ያመኝ ጀመር። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። እናቴ ፊቴን አይታ «ምች ነው፤ በዚያ በኩል የሚገባው ንፋስ ነው» አለችና ወደ ፊት ጮኸች፤ «ምነው፣ ይዝጉት እንጂ!»

«መስተዋቱን ልጠርግ ብዬ ነው፣ እሜቴ።»

«ቀስ ብለው ይንዱ። ይዝጉት!»

ዘጋው። የፈሩት ይደርሳል፤ እኛ ግን የጠበቅነው በመጣበት በኩል አልነበረም። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ እኔንና ልጅቷን ከነራሳችን አለበሰችን። ጋቢው ሥር ጨለማ ነው፤ ሰምና ጭስ ይሸታል። ክንዴ እንደ እርጥብ እንጨት ከበደኝ። የልጅቷን ጉንጭ ነካሁት፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንቅልፍ ነው አልኩ። እናቴ ውዳሴ ማርያም ጀምራ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ በቃሏ የደገመችው ጸሎት መሃሉ ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። ይህም አላስደነገጠኝም። ምንም የሚያስደነግጠኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ መኪናዋ ወደ ጎን ተሳበችና ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች። ሞተሯ ግን ይሠራል። ባሌ ወጥቶ ጥቂት ተንገዳገደና መንገድ ዳር አስመለሰው። እኛን ሊያይ ተመልሶ መጋረጃውን ሲከፍት ከውስጥ የወጣው ትንፋሽ ፊቱን መታው። ያኔ ገባው።

«ጭስ ነው! ውጡ! ልጅቷን ስጡኝ!»

እናቴ መጋረጃውን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ሳበችው። «ጨቅላ ልጅ በዚህ ዝናብ? አንዱ አልበቃህም?»

አልበቃህም አለችው። አንቱ ስትለው የኖረችውን አማቿን በዚያች ሰዓት አንተ አለችው። ባሌ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በጥፊ የተመታ ያህል። ከዚያ ከወገቡ ቢላ መዘዘና ከራሳችን በላይ ያለውን ሸራ ከቅስት እስከ ቅስት ተረተረው። ዝናቡ በላያችን ወረደ። ቢላውን ጥሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«ስጪኝ።»

እናቴ ክንዴን ይዛለች። «እንዳትሰጪው! በእናትነቴ!»

ያ እጁን የዘረጋው ሰው ልጄን ንፋስ ላይ አውጥቶ አሳጣኝ ብዬ በሆዴ የያዝኩበት ሰው ነው። አሁን ደግሞ ሌላዋን ለዝናብ ስጪኝ ይለኛል። የማምነው ሰው አልነበረኝም። የልጅቷን ፊት ገለጥኩት። አፏ ተከፍቷል፤ ራሷ ወደ ኋላ ወደቀ። የእናቴን እጅ አላቅቄ ሰጠሁት።

ጨርቁን ከላይዋ ገፈፈና ፊቷን ወደ ዝናቡ፣ ወደ ንፋሱ አዞረው። ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅፏት ሮጠ። እኔ ልከተለው ብዬ ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ተንበርክኬ ጀርባውን ብቻ አያለሁ፤ የሚያደርገውን አላይም። እናቴ ከኋላዬ «ገደላት፣ ገደላት» ትላለች። መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ቀጭን ልቅሶ። ልቅሶ ሰምቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴም መንገድ ዳር ተቀምጣ ታስመልሳለች።

ባሌ ልጅቷን መልሶ ሰጠኝ፤ ቀሚሴን ከፍቼ ገላዬ ላይ ለጠፍኳት። ሞተሯን አጠፋ። ከዚያ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀመጠና ራሱን በእጁ ያዘ።

«ያንን በንፋስ ገደልኩት። ይችን ከንፋስ ሸሽጌ ልገድላት ነበር» አለ። «እኔ ልጅ አይሰጠኝ።»

«ያንንም አንተ አልገደልከውም» አልኩት።

ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ብዬው አላውቅም። እናቴ ሰምታለች፤ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ዝናቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ከልብሽ ነው?»

ልቤን ፈለግሁት። ያገኘሁትን ልነግረው አልቻልኩም።

«ተነሥ፤ ልጅቷ በርዷታል» አልኩት።

ተነሥቶ ከጎማው ሥር የሚያስገባው ድንጋይ ይፈልግ ጀመር።